በጀቱ ያልደረሰበት አቀበት

ከኮምቦልቻ የተነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። የመንገድ ጥገና ባለሙያ ነኝ። ደሴ ያረጁ የውስጥ መንገዶቿን ለመጠገን ዕቅድ እያወጣች ስለነበር፣ የትኛው መቅደም እንዳለበት አይቼ ሐሳብ እንድሰጥ ተጠርቻለሁ።

ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ከጭነት መኪኖች ኋላ እየተጎተተ ወጣ። ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የተሳፈሩት ሰዎች መሃል ላይ መስኮት መዝጋት ጀመሩ። ደሴ ስንገባ የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖታል፤ እኔም ሹራቤን ደርቤያለሁ።

ጠዋት፣ ከፒያሳ ወደ ላይ

የደሴው የሥራ ባልደረባዬ ሰለሞን ፒያሳ ጠበቀኝ። ሻይና ፓስቲ ቀማምሰን ሥራ ጀመርን።

መጀመሪያ ያየነው ሱቆች የበዙበትን አስፋልት ነው። ላዩ ደህና ነው፤ ጥቃቅን ስንጥቆች ብቻ አሉት። ችግሩ ከጎኑ ነው። ቦዩ በፌስታልና በደለል ተደፍኗል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ዘንድሮ ቦዩ ከተጠረገና ስንጥቁ ከተደፈነ መንገዱ ገና ብዙ ያገለግላል። ከተተወ ግን ከሥሩ ይበላል፤ ያኔ እንደ አዲስ መሥራት ነው።

ከዚያ በባጃጅ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያወጣውን አቀበት ያዝን። እዚህ አስፋልቱ ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው ጠጠርና ጎርፍ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ሾፌሩ ግማሽ ላይ አቆመ።

«ወላሂ ከዚህ በላይ አልወጣም። ባለፈው ጎማዬ የተነቀለው እዚህ ነው» አለን።

ወርደን በእግር ቀጠልን።

«ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው» አለኝ ሰለሞን። እኔ አላመነታሁም፤ መቅደም ያለበት ገና ሊተርፍ የሚችለው መንገድ ነው።

ከሰዓት፣ ቀበሌ አዳራሽ

ምሳ ሽሮ በልተን ወደ ነዋሪዎቹ ስብሰባ ሄድን። ሐሳቤን ሳስረዳ ነጋዴዎቹ አጨበጨቡ። ከኋላ አንዲት አዛውንት እጃቸውን አወጡ። እማማ ዘይነባ ይባላሉ፤ የመጡት ከላይኛው ሰፈር ነው።

«አሰላሙ አለይኩም» ብለው ጀመሩ። «የልጄ ሚስት ምጥ ሲይዛት ባጃጅም አምቡላንስም አልወጣልንም። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልቱ ድረስ አወረዷት። አልሐምዱሊላህ፣ እሷም ልጁም ተርፈዋል። አሁን አንተ ልጄ፣ የኛ መንገድ በጣም ስለተጎዳ ይቆይ ትላለህ። ሳይጎዳም ቆዩ ተብለን ነበር። ታዲያ ተራችን መቼ ነው?»

«እውነትዎን ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ሰለሞን ተነሳ። ነጋዴዎቹ ቦዩን በራሳቸው ቢያስጠርጉ፣ ለጠረጋው የተያዘው ገንዘብ ለአቀበቱ ድንጋይ ንጣፍ ሊውል እንደሚችል አስረዳ።

«ግብር እንከፍላለን እኮ!» አለ ይማም የሚባል ዱቄት ነጋዴ። «ደግሞ ቦይ ጥረጉ?»

እማማ ዘይነባ ወደ እሱ ዞሩ። «ይማም፣ ካንተ የምገዛውን ዱቄት እኮ በዚያ አቀበት ተሸክሜ ነው የምወጣው።»

ይማም አቀረቀረ። ከጎኑ ከተቀመጠው ነጋዴ ጋር ጥቂት ተንሾካሾከና «እሺ፣ ከሱቄ ፊት ያለውን አስጠርጋለሁ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ተቆጥተው አዳራሹን ጥለው የወጡም ነበሩ።

ከሰለሞን ጋር ሒሳቡን እንደገና ሠራነው። የተረፈው የአቀበቱን የታችኛውን ግማሽ ብቻ ይሸፍናል። የእማማ ዘይነባ ቤት ደግሞ ከላይኛው ግማሽ ነው። ሄጄ ስነግራቸው አንገቴን ደፍቼ ነበር።

«አብሽር፣ አይዞህ» አሉኝ። «ባጃጁ እስከዚያ ከመጣ ሸክሙ ያጥራል።»

ወደ ኮምቦልቻ

አመሻሹ ላይ ቁልቁለቱን በዝናብ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ሞቃታማ ነበረች፤ ቤቴ ገብቼ ሹራቤን አውልቄ ሪፖርቱን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ሙያዊ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ደህናውን መንገድ ሳይበላሽ መጠበቅ አሁንም ወጪ ይቀንሳል። ከጉዞው የተማርኩት ሌላ ነው፦ አንዱን ሰፈር «ቆይ» የሚል ዕቅድ እስከ መቼ እንደሚያቆየውም መናገር አለበት። ስለዚህ በሪፖርቱ ሠንጠረዥ ከአቀበቱ ላይኛው ግማሽ ትይዩ «በሚቀጥለው በጀት፣ ከሁሉም በፊት» ብዬ አሰፈርኩ። ይጽደቅ አይጽደቅ ገና አላወቅኩም።