እርጥብ ቀለምና የእድር ድንኳን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ግቢዬ ውስጥ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ በገዛ እጄ እያደስኩ ነው። ጋራዥ ለማስገባት አቅሜ አይፈቅድም። ጎረቤቴ ታዬ ግን ሁልጊዜ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ «ይህን ቆርቆሮ ለቁራሌው ስጠውና ግቢህ ይጽዳ» ይለኛል። እሱ እንኳንስ መኪና፣ የገዛ በሩን ማጠፊያ ጠግኖ አያውቅም።

ክረምት ስለነበር፣ የቀባሁት ቀለም ሳይደርቅ ዝናብ እንዳያበላሽብኝ ፈራሁና ከእድራችን ድንኳን ተውሼ ከመኪናዋ በላይ ተከልኩ። ባለቤቴ አንኮበር እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ከመኪናዋ ሥር ተንጋልዬ ዝገት ስፍቅ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» የሚል ልቅሶ ግቢዬን ሞላው። ታዬ ነው፤ የእድር ድንኳን ሲያይ የሞትኩ መስሎታል። እያለቀሰልኝ ድንገት ብወጣበት ልቡ ቀጥ ትላለች ብዬ ሰጋሁና ባለሁበት ዝም አልኩ።

ታዬ ድንኳኑ ውስጥ ሌላ ለቀስተኛ አለመኖሩን ሲያይ ልቅሶውን አቆመ። አብራው የመጣችውን ሚስቱን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«መኪናዋን እኔ እንደምፈልጋት ለባለቤቱ ንገሪያት» አላት።

«ኧረ አንተ ሰው፣ አስከሬኑ ሳይወጣ?»

«ሠልስቱን ከጠበቅንማ ሌላ ይቀድመናል። እንዲህ ያለ ጠንካራ መኪና ዛሬ የት ይገኛል?»

ይህን ጊዜ ስለ ልቡ መስጋቴን ተውኩት።

«ታዬ፣» አልኩት ከመኪናዋ ሥር ሆኜ፣ «ሞቼም ቢሆን ላንተ አልሸጥም።»