የማይካፈለው የካርድ ቁጥር

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኛ በመስኮቷ በኩል የሰው ፊት ማየት ታክቷታል፤ እኚህን ሽማግሌ ግን ሳታይ አትውልም። ኮታቸው ሁሌም ንጹሕ ነው፤ ሱሪያቸው ግን ጉልበቱ ላይ ሳስቷል፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በጥፍራቸው ቁጥር የሚጽፉት እዚያ ላይ ነው።

የሚያካፍሉት ታመው እዚያው የተኙትን የባለቤታቸውን የካርድ ቁጥር ነው፤ ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ። ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉትን ቁጥሮች ብቻ በተራ፣ በየቀኑ አንድ አንዱን ይሞክራሉ። ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአምስትም፣ ለሰባትም፣ ለአሥራ አንድም፣ ለአሥራ ሦስትም ሲካፈል አንድ ይተርፋል።

«እንደሷው ነው፤ እልኸኛ!» ይላሉ። ለባለቤታቸው ቃል ገብተዋል፤ ቁጥሩ ምንም ሳይተርፍ የተካፈለ ቀን አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ሠራተኛዋ በስልኳ ሞክራዋለች። ለሀምሳ ዘጠኝ እኩል ይካፈላል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሐኪሙ ስለ ባለቤታቸው ለነርሷ፣ «ከዚህ በኋላ የምናደርግላቸው የለም፤ ቤታቸው ይረፉ» ሲል ሰምታለች።

«ሀምሳ ሦስትም እምቢ አለ፤ ሠላሳ ሦስት ተረፈ» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን እያሹ። «ነገ ሀምሳ ዘጠኝ ነው።»

ሠራተኛዋ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «አባባ፣ መሃል ላይ ተሳስተው እንዳይሆን። እስቲ ከመጀመሪያው ይሞክሩት።»

ቀና ብለው አዩዋት።

«ሀምሳ ዘጠኝን እኮ ያገኘሁት ገና የመጣን ዕለት ነው፣ የኔ ልጅ፤ እስኪሻላት ብዬ እንጂ» አሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ከሁለት ጀመሩ።