የወፎቹን ስም የመረመሩት ጋሽ ተክለጻድቅ

ጋሽ ተክለጻድቅ በ1956 ዓ.ም. የሳይንስ መምህር ሆነው አሰብ ሲመደቡ ባለቤታቸውን እትዬ ላቀችን ይዘው ነበር የመጡት። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት በመምህርነት ተመድቤ ስደርስ ጎረቤታቸው ሆንኩ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሲያስተኛ፣ እሳቸው በካናቴራ በረንዳቸው ላይ ተጎንብሰው ይጽፋሉ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ትቶት በሄደ የወፎች መጽሐፍ ነው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የሳይንስ ስም አለ። ጋሽ ተክለጻድቅ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩና ፍቺውን ያላገኙትን ቃል ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንላቸውም። አንድ የካቶሊክ ቄስ ጡረታ ወጥተው አገራቸው እስኪገቡ ድረስ ላቲንና ግሪክኛውን ያስረዷቸው ነበር፤ ሲሄዱም መዝገበ ቃላታቸውን ተዉላቸው። ሸርጣን የሚለቅመው ነጭና ጥቁር ወፍ "ድሮማስ" ይባላል። "ሯጭ ማለት ነው!" እያሉ በሬን ያንኳኩበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ሩጫውን በዓይናቸው ለማየት ከአሰብ በስተሰሜን በይሉል እስከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ድረስ ሄዱ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ሼህ ያዮ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በጀልባቸው ወፎቹ ወዳሉበት አሸዋ ወሰዱን።

"የነዚህን ስም ልንገርህ?" አሉ ሼህ ያዮ። "እኛ ዘንድ ጫጩቱ ሌላ ስም አለው፣ ያደገው ሌላ። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ።"

"ስሙማ መጽሐፉ ላይ አለ፣ ሼህ" አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ዓይናቸውን ከወፎቹ ሳያነሱ።

ቄሱ ከሄዱ በኋላ አንድ ስም እምቢ አላቸው። ወደቡ ላይ የሚያንዣብበው ጠቆር ያለ የባሕር ወፍ "ሄምፕሪኪ" ተብሎ ተጽፏል። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የለም። ዓመታት ፈለጉት። በመጨረሻ የወፉን ጥቁረት አይተው ከጭስ ጋር የተያያዘ ቃል መሆን አለበት ብለው ወሰኑና ስለሱ ብቻ አንድ ደብተር ሞሉ።

በዚህ መሃል እትዬ ላቀች ሙቀቱ ጎዳቸው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ንግግራቸው ይሰማኛል።

"ሐኪሙ ደጋ ካልወጣሽ አይሻልሽም ብሎኛል። ዝውውር ጠይቅልን።"

"ይህችን ስም ልጨርስና።"

"ሰባት ዓመት ሙሉ ስም ስትጨርስ ነው።"

በጥር 1963 እትዬ ላቀች ብቻቸውን ደሴ ገቡ። ጋሽ ተክለጻድቅ ለክረምት እመጣለሁ ብለው ነበር፤ አልሄዱም።

በ1965 ሥራቸውን በእንግሊዝኛ በታይፕ አስመትተው አውሮፓ ላለ አንድ ሙዚየም ላኩ። መልሱ ከሰባት ወር በኋላ መጣ። ፖስታውን ሳይከፍቱ ወደኔ ዘርግተው "አንብብልኝ" አሉኝ።

ደብዳቤው ትሕትና የተሞላ ነበር። የነዚህ ስሞች አመጣጥ ተመርምሮ ከታተመ ቆይቷል፤ ከእርስዎ ፍቺዎች ሲሶው ስሕተት ነው ይላል። ሄምፕሪኪም የላቲን ቃል አልነበረም፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ እንስሳት ሊያጠና መጥቶ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ምጽዋ ላይ በንዳድ የሞተ የአንድ ጀርመናዊ ስም ነው።

"ሰው ነው?" አሉኝ።

"ሰው ነው፣ ጋሼ።"

"ቀጥል።"

የቀረው የከፋ ነበር። የባሕሩ ዳርቻ ሰዎች ለነዚህ ወፎች ያወጧቸውን ስሞች ከነምክንያታቸው መዝግበው ከሆነ እባክዎ ይላኩልን፤ ያ በእኛ ዘንድ የለም ይላል። ጋሽ ተክለጻድቅ በነዚያ ዓመታት ከሞሏቸው አሥራ አንድ ደብተሮች ውስጥ ስለዚያ አንዲት መስመር አልነበረችም።

በዚያው ሳምንት በይሉል ሄድን። ሼህ ያዮ ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው መረብ እየጠገነ አገኘነው።

"አባቴ ሁሉንም ያውቅ ነበር" አለ። "እኔ ወፍ ነው የምላቸው።"

ሌሎች ሽማግሌዎችን እንጠይቅ ብላቸው ጋሽ ተክለጻድቅ እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ ሲጽፉ አላየሁም። ክፍል ውስጥ ተማሪ በመስኮት እያመለከተ "ያ ምን ይባላል?" ሲላቸው "አላውቅም" ብለው ወደ ሰሌዳው ይዞራሉ።

ዝውውሩን የጠየቁት ያኔ ነው። በነሐሴ 1966 ከሚሴ ደረሳቸው። ሻንጣቸውን ይዤ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋቸው።

"ደሴ ቅርብ ነው፤ እትዬ ላቀችን ያገኟቸዋል" አልኩ።

"አግብታለች።"

ሻንጣቸውን አቀበልኳቸው። "ደብተሮቹስ?"

"ለትምህርት ቤቱ መጋዘን ሰጠኋቸው። የገጾቹ ጀርባ አልተጻፈበትም፤ ለሒሳብ መለማመጃ ይሆናል" አሉና ወደ አውቶቡሱ ወጡ።