የዛፍ ቀን ጉድጓድ

ጉዴ በጊንጪ አውቶቡስ መቆሚያ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አጥር ጥግ፣ ቅቅል ድንችና ቆሎ እየሸጠች የኖረች ሴት ናት። ባሏ ፈዬራ ቀድሟት ካረፈ ወዲህ በዚያች ጥግ ልጆቿን አሳደገች፣ ዳረችም። አምቦ የሚሄድ ሰው ሲወርድም ሲወጣም እሷን ሳያያት አያልፍም ነበር።

በዓል ማክበር ለጉዴ ከልጅነቷ ያደገችበት ነገር ነው። በአቦ አትፈጭም፤ በሚካኤል አትወቅጥም፤ በማርያም መርፌ እንኳ አታነሣም። ኋላ ግን ጽሕፈት ቤቱም የራሱን በዓሎች ያመጣ ጀመር። የጽዳት ቀን መጣ፤ የፊደል ቀን መጣ፤ የዛፍ ቀን መጣ። አዲስ ቀን በታወጀ ቁጥር ጉዴ የጽሕፈት ቤቱን ጥበቃ ኦቦ ጉርሙን ትጠይቃለች።

«ይሄኛውስ ይሠራበታል ወይስ አይሠራበትም?»

«ይሠራበታል» ይላታል ጉርሙ፣ «የራስሽ ሥራ ግን አይደለም።»

እውነቱን ነበር። በጽዳት ቀን ከተማው መጥረጊያ ይዞ ይወጣና የጽሕፈት ቤቱን ደጅ ቆሻሻ እየጠረገ እየጠረገ እስከ ጉዴ መደብ ድረስ ያመጣዋል። እዚያ ሲደርስ ንግግር ይደረግና ሰው ይበተናል። በማግስቱ ነፋስ ይነሣና ቆሻሻውን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። በፊደል ቀን ደግሞ ማንበብ የማይችለው ፀሐይ ላይ ይሰለፋል፤ የሚችለው ዳስ ውስጥ ተቀምጦ የማንበብን ጥቅም ይነግረዋል። ከዚያ መምህሩ ጥቂት ፊደል ያስቆጥራል። ጉዴ ፊደሎቹን አፈር ላይ በጣቷ ጻፈቻቸው። ደስ አሏት። አጎንብሳ አየቻቸው፤ እነሱም መልሰው የሚያዩዋት መሰላት።

«የቀረውስ?» ብላ ጠየቀች።

«ለከርሞ» አላት መምህሩ።

«በዚህ አያያዝ እኔ ፊደል የምጨርሰው የልጅ ልጄ ጡረታ ሲወጣ ነው» አለች፤ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ።

ከሁሉም ግን ለጉዴ የቀረበው የዛፍ ቀን ነበር፤ መደቧ አጠገብ ይከበራልና። ሐምሌ ገባ ሲባል ከጭልሞ ጫካ አንድ የወይራ ችግኝ ይመጣል። የወረዳው ገዥ ግራዝማች ወልደሰንበት ጃንጥላ ተይዞላቸው ይወጣሉ። ጉርሙ በቆፈረው ጉድጓድ ችግኙን ያቆማሉ፤ አንድ አካፋ አፈር ይመልሳሉ፤ ይጨበጨባል፤ ግራዝማችም ጫማቸውን አስጠርገው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ችግኙን ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ከአንዲት ፍጡር በቀር፤ እሷም የጉዴ ነጭ ፍየል ናት።

ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲደርቅ ፍየሏ ወደ ወይራው ትመጣለች። ቅጠሉን ትጨርሳለች፣ ግንዱን ትልጣለች። ጥር ሲገባ ከችግኙ የሚቀረው አንድ ጭራሮ ነው። ሐምሌ ሲመለስ ጉርሙ ጭራሮውን ይነቅልና ያንኑ ጉድጓድ ይከፍታል። ሌላ ቦታ እንዲቆፍር ቢነግሩት አይሰማም።

«ሌላው ጠጠር ነው፤ እዚህች ጋ ብቻ ነው መሬቱ የለመደኝ።»

እየቆየ የጉድጓዱ ዙሪያ በነጭ ኖራ በተቀባ ድንጋይ ተከበበ። ግራዝማች የሚቆሙበት ቦታ ታወቀ፤ ከአምቦ የሚመጣው ፎቶግራፍ አንሺም መቆሚያውን ለየ። ጉድጓዱ በዓመት አንድ ቀን የሚሠራ ሹም ሆነ።

የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ በድሉ ከጎጃም የመጣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ድንች ሊገዛ በወጣ ቁጥር ጉዴን ሳይነካካ አይመለስም።

«እትዬ ጉዴ፣ የዛፍ ቀንን ከልቧ የምታከብረው ፍየልሽ ብቻ ናት።»

«ምን ታድርግ? ጋብዛችኋት ነው እንጂ!»

«እንደ እኛ ንግግር አታበዛም። ቀጥታ ወደ ሥራዋ ነው።»

ጉዴም ትስቅ ነበር፣ አንድ ሐምሌ ላይ ያንን ነገር እስክታይ ድረስ።

የዚያን ዓመት በዓሉ አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ ዝናቡ አባራና ፀሐይ ብቅ አለች። ጉዴ በዚያች ጥግ ስትኖር የሚያስቸግራት ፀሐይ ብቻ ነበረች። ከሰዓት በኋላ በአምቦ በኩል ስታዘቀዝቅ ፊት ለፊት ትመጣባታለች። ድንቹ ይደርቃል፣ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ማታ ራሷን እያመማት ታድራለች። ዳስ እንዳትሠራ መንገድ ዘጋሽ ትባላለች። ታዲያ የዚያን ቀን ቀና ስትል ችግኙ በእሷና በፀሐይዋ መካከል ቆሟል። ጥላው መሬቱን አልፎ መጥቶ ምንጣፏ ላይ ወድቋል። መዳፍ የምታህል ጥላ ናት። ጉዴ እጇን ዘርግታ ጥላዋ ውስጥ አስገባችው። እጇን ቀዘቀዛት።

«ያ ጎፍታ፣ ጌታ ሆይ!» አለች ለራሷ። «ይቺ ነገር ስንት ጊዜ እዚህ ቆማ እኔ ለፍየል ሳበላት ኖርኩ?»

በሳምንቱ ፍየሏን ገበያ አውጥታ ሸጠች። ጎረቤቷ አየለች ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንቺ ጉዴ፣ ለመንግሥት ችግኝ ብለሽ ፍየል ትሸጫለሽ? ወተቷስ?»

«ወተቷን ጠጣሁ፤ የራሴን ሕመም ግን አላዳነችልኝም።»

ከዚያ የቀጋ እሾህ ቆርጣ ችግኙን አጠረች። በጋው ሲገባ ድንች ያጠበችበትን ውሃ አትደፋም፤ ወደ ወይራው ነው። ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ውሃ አትርፎ ሲደፋ ካየች ትሮጣለች።

«ጌታው፣ እዚህ፣ እዚህ ይድፉት!»

በድሉ ይህን እያየ፣ «በአምቦ ውሃ ነው እንዴ የምታሳድጊው? ሲያድግ ሊያገሳ ነው» ይላታል። እሷ ግን ቅጠሉን አንድ በአንድ ታገላብጣለች፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ሰው አላየኝም ስትል ታናግረውም ነበር። ጥር መጣ፤ ወይራው አለ። ሚያዝያ መጣ፤ ወይራው አለ። ሐምሌ ሲደርስ ከጉልበቷ በላይ ሆኖ፣ ጥላው የድንቹን ሳፋ ይሸፍን ነበር።

በዚያ ሐምሌ፣ በዛፍ ቀን ማለዳ፣ ጉርሙ ዶማውን ይዞ እንደ ልማዱ መጣ። ነጮቹ ድንጋዮች ጋ ደረሰና ቀጥ አለ።

«ጉዴ።»

«አቤት።»

«እዚህ ዛፍ አለ።»

«አዎ አለ።»

«ታዲያ ዛፉን የት ልንተክል ነው?»

ጉዴ ይህን ከቶ አላሰበችውም ነበር። በድሉም በሰው ብዛት መካከል አዲሱን ችግኝ ታቅፎ መጣ። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን አቁሟል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈዋል። በድሉ ወይራውን አየ፣ ጉድጓድ የሌለበትን መሬት አየ፣ ላብ ላብ አለው።

«ምንም ችግር የለም» አለ። «ይሄን እንነቅለውና አዲሱን እንተክላለን።»

«ምን?» አለች ጉዴ።

«እትዬ ጉዴ፣ ዛፍ ያው ዛፍ ነው! ግራዝማች አሁን ይወጣሉ፤ ጠጠር ላይ ሊያቆሙልሽ ነው? ኦቦ ጉርሙ፣ ንቀለው!»

ጉርሙ ዶማውን አነሣ፤ መልሶ አወረደው። ጉዴ ከመደቧ ተነሥታ መጥታለች። እሾሁን ገፋ አድርጋ ከወይራው ሥር ተቀምጣለች፤ ነጠላዋም ጭቃ ነክቷል።

«በዛፍ ቀን ዛፍ ይነቀላል?» አለች። «በማርያም እኮ መርፌ አይነሣም። በዛፍ ቀን ዶማ ታነሣብኛለህ?»

«ኧረ ተነሽ፣ አታስጨርሽኝ» አለ በድሉ።

«አልነሣም። ከፈለግህ እኔንም አብረህ ትከለኝ።»

ልጆቹ ሳቁ። በዚህ መካከል ግራዝማች ወልደሰንበት ጃንጥላ ተይዞላቸው ከበሩ ወጡ። ጉዴ ግን የወይራውን ግንድ አልለቀቀችም።

«ምንድን ነው? ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?» አሉ ግራዝማች።

በድሉ አጎንብሶ፣ «ጌታዬ፣ ቦታው ተይዞ ነው። ዛፍ በቅሎበት...»

«ማነው ያለ ፈቃድ እዚህ ዛፍ የተከለ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ» አለች ጉዴ።

«እኔ?»

«እርስዎ። አምና፣ እዚሁ ቆመው። እኔ ውሃ አጠጣሁት እንጂ ተካዩ እርስዎ ነዎት።»

ግራዝማች ጃንጥላ ያዡን በእጃቸው ገለል አደረጉት። ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉ። በዓመት በዓመት ዛፍ ሲተክሉ ኖረው የተከሉትን ዛፍ ያን ቀን ገና ማየታቸው ነው። አንድ ቅጠል በሁለት ጣታቸው ያዙ፤ አገላበጡት። ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ።

«የኔ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«የእርስዎ ነው።»

«ያችስ ፍየል?»

ለካ እሳቸውም ስለ ፍየሏ ሰምተዋል!

«ሸጥኳት፣ ጌታዬ።»

ግራዝማች ቀና አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄን የሚነካ ሰው እንዳላይ» አሉ። ከዚያ ወደ ፎቶግራፍ አንሺው ዞረው፣ «በል ከዛፌ ጋር አንሣኝ» አሉት። ጉዴ ልትነሣ ስትል፣ «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ» አሏት። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ግራዝማች ቆመው፣ ወይራው መካከል ሆኖ፣ ጉዴ ጭቃ ላይ ተቀምጣ ትታያለች።

በድሉ ግን አሁንም ችግኙን ታቅፎ ቆሟል። «ጌታዬ፣ አዲሱንስ የት እናድርገው?»

ግራዝማች ጉዴን አዩ። ጉዴም ጊዜ አላጠፋችም። ከመደቧ በወዲያኛው ወገን፣ በአዲስ አበባ በኩል ያለውን መሬት ጠቆመች።

«ጠዋት ጠዋት ደግሞ በዚያ በኩል ፀሐይ አለች፣ ጌታዬ።»

ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሮ ያካፋ ነበርና ግራዝማች ሽቅብ አይተው ሳቁ። «የታለች ፀሐይ?»

«ክረምቱ ሲወጣ ትመጣለች።»

«ኦቦ ጉርሙ፣ ቆፍር!»

ጉርሙ ጠጠሩን እየፈነቀለ ከሥር ከሥር በኦሮምኛ ሲያጉረመርም ዋለ። ጉዴ ከጭቃው ተነሥታ ትልልቁን ድንች መርጣ አመጣችለትና ማጉረምረሙ ዝግ አለ።

ሁለቱም ወይራዎች አደጉ። አውቶቡስ ጠባቂው ሁሉ በጥላቸው ሥር መሰብሰብ ጀመረና የጉዴ ድንች ከቀትር በፊት ያልቅ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ ለዛፍ ቀን አዲስ ጉድጓድ መፈለግ ግድ ሆነበት፤ ቦታ የሚያሳየውም ጉዴ ናት። እሷም ቀኑን ከበዓሎቿ ቆጥራ፣ በዛፍ ቀን ድንች አትቀቅልም፤ በጥላዋ ተቀምጣ ንግግሩን እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች።

ኋላ ላይ ሌላ ፍየል ገዛች፤ እንደ ፊተኛዋ ነጭ ናት። በዛፍ ቀን ዋዜማ ገመዷን ታሳጥርና ከቤቷ ጓሮ ታስራታለች።

«ምነው ከበዓሉ አስቀረሻት?» ይላታል በድሉ።

«ዘመዷ የእሷንም ድርሻ አክብራ ጨርሳለች» ትላለች ጉዴ፤ ድንቹንም መርቃ ትሰጠዋለች።