የዴኦሊንዳ ውሻና ቀስ ብሎ የሚመጣው ውሃ

ችግሩ እንዲህ ነበር። ባሕሩ እየተመለሰ ነው፤ ጀልባዋ አሥራ አምስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች፤ ውሻዋ ግን ከአሸዋው ጉብታ ላይ አልወርድም ብላለች። ውሃው ከሁለት በኩል እየገባ ጉብታውን ያጠበዋል። መጀመሪያ የጠረጴዛ ያህል ቀረ፤ ቀጥሎ የወንበር ያህል። ዴኦሊንዳ ቪዬጋስ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ትጣራለች፣ ትለምናለች፣ ዳቦ ታሳያለች። ፋሩስካ አራት እግሯን አንድ ላይ ሰብስባ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ንቅንቅ አትልም።

በመጨረሻ ዴኦሊንዳ ሃያ አንድ ኪሎ የምትመዝነውን ውሻ አቅፋ ወደ ጀልባው ወሰደቻት። ከሁለት ዓመት በፊት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ቀኝ ትከሻዋ ሳምንቱን ሙሉ አላስተኛትም። የቀኑን ልቃሚና መቆፈሪያዋን እዚያው ትታ ስለመጣች ባሕሩ ወሰደው። ይህ የሆነው በሚያዝያ ነው።

ዴኦሊንዳ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዛጎል አምራች ናት። በደሴታችንና በዋናው ምድር መካከል ያለው ባሕር ጥልቀት የለውም፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲሸሽ የየቤተሰቡ መደብ ብቅ ይላል። የጎመን መደብ እንደማለት ነው፤ ከአሸዋው ሥር የሚያድገው ግን የሚበላ ዛጎል ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ መደቡን ብቻዋን ትይዛለች። በየቀኑ አራት አምስት ሰዓት ጎንበስ ብላ ስትቆፍር የምታናግረው ሰው የላትም። ወንድሟ አማንሲዮ ልቡን ታሞ ውሻዋን መያዝ ሲያቅተው ደስ ብሏት የተቀበለቻት ለዚህ ነው።

ፋሩስካ የውሃ ውሻ ከሚባለው የአገራችን ዘር ናት። ፀጉሯ ጥቁርና ጥቅልል ነው፤ በጣቶቿ መካከል እንደ ዳክዬ ቆዳ አላት። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያደገችው ተራራው ላይ፣ የአማንሲዮ የለውዝ ዛፎች ሥር ነው። እዚያ ያየችው ትልቁ ውሃ የባልዲ ውሃ ነው።

ቤት ትታት እንዳትሄድ፣ ዴኦሊንዳ እስክትመለስ ድረስ ታላዝናለች። ጎረቤቷ ስለሆንኩ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። መደቡ ላይ ይዛት ብትሄድ ደግሞ የሚያዝያው ነገር ይመጣል። ለወንድሟ ስልክ ደወለች።

«የውሃ ውሻ ሰጥቼሽ ውሃ ትፈራለች ትይኛለሽ?» አለ አማንሲዮ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ለውዝ ሥር ያሳደግካት!»

«በይ እንግዲያው፣ መስከረም ላይ ለውዙን ለቅሜ ስጨርስ መጥቼ እወስዳታለሁ። እዚህ የፍየል በረት ያለው ሰውዬ ውሻ ይፈልጋል።»

«ያ ውሾቹን በሰንሰለት የሚያስረው?»

«ታዲያ በምን ይሰራት? በሐር ክር?»

ዴኦሊንዳ ስልኩን ዘጋች። እስከ መስከረም አምስት ወር ነበራት።

ደሴቱ ላይ ዋና የሚያስተምሩበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከድንጋዩ ወደብ ላይ፣ ባሕሩ ሙሉ በሆነ ሰዓት፣ አንስቶ መወርወር። ሽማግሌው አሳ አጥማጅ ዜፌሪኖ ይህን እንደ ሃይማኖት ነው የሚያምኑት። የዴኦሊንዳን ልጅ ክርስትና ያነሱት እሳቸው ስለሆኑ እርስ በርስ የሚጠራሩት «አበልጄ» እየተባባሉ ነው።

«አበልጄ፣ ስታባብያት ልትከርሚ ነው?» አሏት አንድ እሑድ። «እኔን አባቴ በስድስት ዓመቴ ከዚህ ድንጋይ ላይ ነው የወረወረኝ። መጀመሪያ ጠለቅሁ፤ ቀጥዬ ዋኘሁ። እዚህ ያለ ወንድ ሁሉ እንዲህ ነው የተማረው።»

«ካልዋኘችስ?»

«የውሃ ውሻ አይደለች? ደሟ ያውቀዋል።»

ዴኦሊንዳ እሺ አለች፤ ሁለት ሰዎች አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ያዙና ወረወሯት። እኔም ከተመልካቾቹ መካከል ነበርኩ፤ አልተቃወምኩም። ፋሩስካ ከጠለቀችበት ብቅ ስትል እንደ ሰው ቀጥ ብላ ቆማ ነበር፤ የፊት እግሮቿ አየሩን ይደበድባሉ፣ ውሃው ወደ ዓይኗ ይረጫል፣ ወገቧ ወደ ታች ይስባታል። እንደምንም የወደቡን ደረጃ ነክታ ወጣች። ከዚያ የተገለበጠች ጀልባ ሥር ገብታ ሁለት ቀን አልወጣችም።

ዴኦሊንዳ ራሷን ስትረግም አመሸች። በማግስቱ ግን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ጠራችኝ።

«አየሽ አይደል?» አለችኝ። «መጀመሪያ የሰጠመው ጅራቷ ነው።»

ከዚህች ቃል ጀምሮ ነው ነገሩ እኔንም የያዘኝ። ሁላችንም ያየነው የፈራ ውሻ ነው፤ እሷ ግን ያየችው የትኛው አካል ቀድሞ እንደሰጠመ ነው። የሚዋኝ ውሻ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄዳል። ፋሩስካ ግን መሰላል እንደሚወጣ ሰው ነበር የሆነችው፤ መሰላል የሚወጣ ደግሞ ወደ ፊት አይሄድም።

ዴኦሊንዳ ቀጥሎ የጠየቀችው ውሻዋ የምትፈራው በትክክል ምኑን እንደሆነ ነው። የልብስ ማጠቢያውን ገንዳ ግቢ ውስጥ አስቀምጣ በጉድጓድ ውሃ ሞላችው። ፋሩስካ ሙቀቱ ሲበረታባት ገብታ ተኛችበት። እንግዲህ ውሃ አትጠላም። በማግስቱ ገንዳውን በባሕር ውሃ ሞላችው። አሁንም ገብታ ተኛች። ስለዚህ ጨዉ አይደለም። በሦስተኛው ቀን የባሕር ሣር ጨመረችበት፤ ውሻዋ አሸተተችው፣ አንዱን ዘለላ በላች፣ አስታወከችው፣ ተመልሳ ገባች። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር ወሰደቻት። እዚያ ትንሿ ሞገድ ወደ እግሯ ስትመጣ ፋሩስካ ዘልላ ሸሸች፤ ሞገዷ ስትመለስ ተከትላት ሄደች፤ ሌላዋ ስትመጣ ደግሞ ሸሸች።

«ሁለት ፍርሃት ነው ያላት» አለችኝ ዴኦሊንዳ፣ ሁለት ጣቷን አንስታ። «አንዱ፣ ውሃው ሲንቀሳቀስ። ሁለተኛው፣ መሬቱ ከእግሯ ሲጠፋ። ወደቡ ላይ ሁለቱን በአንድ ቀን ሰጠናት።»

የመጀመሪያው መፍትሔ መደቡ ላይ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ጉብታዎቹ መካከል ኩሬዎች ይቀራሉ። ከእነዚህ አንዱ ሦስት ጎኑ የተከለለ ስለሆነ ሞገድ አይደርስበትም፤ ባሕሩ ሲመለስ ውሃው ከታች ቀስ ብሎ ይነሳል እንጂ አይመታም። ዴኦሊንዳ ጨረቃ ግማሽ የሆነችበትን ሳምንት መረጠች፤ ያን ጊዜ ሙላቱ ደካማ ነው። ቆፍራ ስትጨርስ ኩሬው ውስጥ ቁጭ ትላለች፣ ዳቦና የተጠበሰ ሰርዲን ትበላለች፣ ፋሩስካም አጠገቧ ትተኛለች። ውሻዋን ወደ ውሃው መውሰድ ቀረ፤ ውሃው ራሱ ወደ ውሻዋ ይመጣ ጀመር። ሆዷ ጋ ሲደርስ ትቆማለች። ደረቷ ጋ ሲደርስ ዴኦሊንዳ ሳትጣደፍ ትነሳና አብረው ወደ ጀልባው ይሄዳሉ። በአሥረኛው ቀን ፋሩስካ ደረቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ስታዛጋ በዓይኔ አየሁ። የሚፈራ ውሻ በጭንቀትም ያዛጋል ይባላል፤ ይህችኛዋ ግን ቀጥላ ዓይኗን ጨፈነች።

ለሁለተኛው ፍርሃት፣ መሬቱ ሲጠፋ ለሚመጣው፣ ዴኦሊንዳ የዜፌሪኖን መጋዘን ከፈተች። ድሮ መረብ የሚያንሳፍፉበት ቡሽ እዚያ ተከምሯል። ስድስቱን በገመድ አያይዛ የፋሩስካ ደረት ላይ አሰረችው። ይህ ስህተት ነበር፤ ደረቷ ወደ ላይ፣ ወገቧ ወደ ታች ሄደና ጭራሽ በጀርባዋ ተገለበጠች።

«ውሻ ዋና አስተምሪ ቢሉሽ ዳክዬ አደረግሻት!» ብለው ዜፌሪኖ ከጀልባቸው ላይ ሳቁ።

«ይሳቁ፣ አበልጄ። ግን ይመልከቱ፤ ቡሹ የታሰረው ቀድሞውኑ የማይሰጥመው ቦታ ላይ ነው።»

ቡሹን ፈትታ ወደ ወገቧ አዞረችው። በቀጣዩ ቀን የፋሩስካ ጀርባ ጠፍጣፋ ሆነ። የፊት እግሮቿም አየሩን መደብደብ ትተው ውሃውን መሳብ ጀመሩ። ሁለት ክንድ ያህል ዋኘችና ዴኦሊንዳ ጋ ደረሰች። እኔ ከጉብታው ላይ እንደ ሕፃን ጮህኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለት ክንድ ላይ ቆመች። ዴኦሊንዳ ውሃው ወገቧ ድረስ የሚደርስበት ቦታ ላይ ትቆማለች፤ ፋሩስካ እዚያ ድረስ ትዋኛለች፤ ከዚያ ወዲያ አትሄድም። ጀልባዋ ደግሞ የምትቆመው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ባሕሩ ሲመለስ ሰው ከዘገየ መደቡንና ጀልባዋን የሚለየው ቦይ ከሰው ቁመት በላይ ይሞላል።

«የአባቴ ጀልባ ላይ የነበረው ውሻ እኮ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ዋናተኛ ነበር» አሉ ዜፌሪኖ አንድ ቀን።

«ከእናቱ ሆድ ጀምሮ አይተውታል?»

«አይ፣ እናቱን ተከትሎ ሲዋኝ ነው ያየሁት።»

«እናቱን ተከትሎ?»

ዜፌሪኖ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ከወደቡ ላይ ማንም አልወረወረውም። እሷ ከፊት ከፊት ትዋኛለች፣ እሱ ከኋላ። የተወረወርኩት እኔ ነኝ!»

ሰባ ዓመት ሙሉ የራሳቸውንና የውሻውን ትምህርት አንድ አድርገው ሲያወሩ ኖረዋል፤ እኛም አምነናቸዋል። ዴኦሊንዳ ግን አልሳቀችም። ፋሩስካ የቆመችው እሷ የምትቆምበት ቦታ ላይ እንደሆነ ገብቷታል፤ ከወገቧ ወዲያ አልፋ የማታውቀው ደግሞ ራሷ ናት። ወደቡ ላይ የሚወረወሩት ወንዶቹ ነበሩ። ሴቶቹ በልጅነታቸው ወደ መደቡ ሄዱ፤ ሃምሳ ዓመት ባሕር ውስጥ ቆመው ሠርተው ዋና የማይችሉ ስንት ናቸው! አንዷ ዴኦሊንዳ ናት።

«ያስተምሩኝ» አለቻቸው። «ከወደቡ እወረውርሻለሁ ካሉኝ ግን ክርስትናውን አፈርሳለሁ።»

«በዚህ ወገቤ አንቺን ማን ሊያነሳ!» አሉ።

ለራሷም የተጠቀመችው ለውሻዋ ያወጣችውን ዘዴ ነው፤ የተከለለው ኩሬ፣ ደካማው ሙላት፣ ወገቧ ላይ የታሰረ ቡሽ። ለእሷ አሥራ ሁለት አስፈለጋት። ዜፌሪኖ ጀልባቸው ላይ ጃንጥላ ዘርግተው «እግር! እግር!» እያሉ ይጮሃሉ። ትከሻዋን እንዳታሳምም ክንዷን ከውሃው በላይ ሳታነሳ፣ እንደ እንቁራሪት መሳብ ተማረች። በሐምሌ መጨረሻ ስምንት ጊዜ ሳበች። ፋሩስካ ከኋላዋ መጣች፤ ስምንቱንም ተከተለች።

ነሐሴን ቡሽ በመቀነስ አሳለፉት። የውሻዋ ከስድስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሁለት፣ ከዚያ ባዶ። ዴኦሊንዳ ከአሥራ ሁለቱ ሁለት አስቀረች።

አማንሲዮ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ገመድ ይዞ በመርከብ ደረሰ። ዴኦሊንዳ ምንም ሳትነግረው ወደ መደቡ ወሰደችው። ባሕሩ መመለስ ሲጀምር እሱን ጀልባዋ ላይ አስቀመጠችው፤ ራሷ ከፋሩስካ ጋር ጉብታው ላይ ቀረች። ቦዩ ሞላ።

«ኧረ እህቴ፣ ምን እየጠበቅሽ ነው?» ብሎ ጮኸ። «ትሰጥሚያለሽ!»

ዴኦሊንዳ ገባች። ፋሩስካ ጉብታው ላይ አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ አላዘነች። እኔ ከአማንሲዮ ጎን ተቀምጬ አያለሁ። ዴኦሊንዳ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ብትዞር ትሰጥም ነበር። ከዚያ ውሻዋ ገባች። ጀርባዋ ጠፍጣፋ፣ ጅራቷ እንደ መቅዘፊያ ከኋላዋ ተዘርግቶ፣ እመቤቷን ቦዩ መካከል ላይ አለፈቻትና ቀድማ ደረሰች። አማንሲዮ ጎትቶ አወጣት። ተንቀጥቅጣ ውሃውን ሁሉ ለመርከብ ጉዞ ብሎ የለበሰው ሱሪ ላይ አራገፈችው። ከዚያ ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ሳይወረውራት፣ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ዘልላ ተመልሳ ገባች።

አማንሲዮ ሱሪውን ረስቶ አያት።

«ለውዙ ሥር እንዲህ ሆና አታውቅም» አለ። «ለባለ ፍየሉ ምን ልበለው?»

«ሰንሰለቱን ለራሱ ይሰር በለው!» አለች ዴኦሊንዳ፣ ጀልባዋን በሁለት እጇ ይዛ እያለከለከች።

አሁን ጥቅምት ነው፤ ውሃው ገና አልቀዘቀዘም። ዴኦሊንዳ በጀርባዋ መንሳፈፍ እየተማረች ነው። ይህ መንሳፈፍ ሳይሆን መስጠም እንደሆነ ግን ፋሩስካ ወስናለች፤ ዴኦሊንዳ ጋለል ባለች ቁጥር ዋኝታ ትመጣና እጅጌዋን በጥርሷ ይዛ ወደ አሸዋው ትጎትታታለች። እጅጌ የሌለው ልብስ ብትለብስ ፀጉሯን ያዘች። እኔ ውሻዋን ይዤ ልቁም ብላት እንቢ አለችኝ፤ በጉልበት ከሆነ ወደቡን መድገም ነው አለች። ትናንት በአጥሩ ላይ አዲስ ሐሳብ ነገረችኝ። መጀመሪያ ማንም ሊሰጥም በማይችልበት፣ አንድ ክንድ ጥልቀት ባለው ኩሬ ውስጥ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ፋሩስካ አጠገቧ ቆማ የእመቤቷ ሆድ በትንፋሽ ሲነሳና ሲወርድ እስኪሰለቻት ድረስ ታያለች። ከዚያ ሙላቱ ቀስ ብሎ ሁለቱንም ያነሳቸዋል። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ፋሩስካ እጅጌዋን ያዘች፤ አልጎተተችም ግን። ይዛ ቆመች።