«ተዘጋ» ለሚለው ግስ አድራጊ ፍለጋ

ትናንት ከሰዓት ወልቂጤ ቢሮዬ ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፍቼ የዕለቱን የአረብኛ ትምህርት ለተማሪዎቼ ልሰጥ ስል ምክትል ኃላፊያችን ገባ። ሳያንኳኳ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና...

«ጋሼ፣ ይሄ ኮርስ እንዲዘጋ ተወስኗል» አለኝ።

«ማን ወሰነ?»

«ተወስኗል። አቅጣጫ ተቀምጧል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰዋስው ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። በዚህ ዘመን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚወስን ሰው የለም... ብቻ ይወሰናል። የሚገመግም የለም፣ ይገመገማል። አቅጣጫውም መጥቶ የሚቀመጠው በራሱ እግር ነው።

የዩኒቨርሲቲያችን ስም ይቆይ። ዋናው ግቢ ሌላ ከተማ ነው፣ እኛ ቅርንጫፍ ነን። ተማሪዎቼ ያሉት ቡታጅራ ነው። በመካከላችን ተራራ ስላለ የምንገናኘው በኢንተርኔት ነው፤ እነሱ አንድ ክፍል ተከራይተው ግድግዳው ላይ እኔን ያያሉ፣ እኔ ደግሞ የሲዲኤምኤ ኔትወርኩ በፈቀደ መጠን እነሱን አያለሁ።

ከመካከላቸው ከድጃ አለች። ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። አረብኛ እንደ ውሃ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም ነበር። ወደ አረብ አገር የሚሄዱ ሴቶችን የሚያሠለጥን ማዕከል ሰርተፊኬት ካመጣች ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል። ካላመጣች ልጇን እናቷ ላይ ጥላ ተመልሳ ጅዳ ነው። ይህን ምክትሉም ያውቃል፣ እኔው ነግሬዋለሁ።

«ምክንያቱ ምንድነው?» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሃይማኖት ሃይማኖት ይሸታል ተብሎ ተገምግሟል። ተማሪዎቹ እርስዎን ኡስታዝ ይሉዎታል አይደል?»

«አስተማሪ ማለት ነው።»

«ቢሆንም... ጊዜው ጥንቃቄ ይፈልጋል።»

ማተቤን ከሸሚዜ ውስጥ መዝዤ አሳየሁት። «ኡስታዙ ይኸው» አልኩት። አልሳቀም። እኔም የምቀልድበት ሆድ አልነበረኝም። ምክትሉ ራሱ ድሮ ያስተማርኩት የቡታጅራ ልጅ ነው፤ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር በልቶ ያደገ ክርስቲያን። ከምንም በላይ ያናደደኝ ይኼው ነው፤ ነገሩ ውሸት መሆኑን ያውቃል።

«ተቀመጥና ስማ። ሃይማኖት ካገኘህበት እኔው ራሴ እዘጋዋለሁ» አልኩት።

ካሜራው እኔን ብቻ ነው የሚያሳየው። እሱ ከጎኔ መኖሩን ተማሪዎቹ አላዩም። የዕለቱ ትምህርት ደግሞ... መርሐ ግብሩ ምስክሬ ነው፣ ሆን ብዬ ያመጣሁት አይደለም... ተደራጊ ግስ ነበር።

ሰሌዳው ላይ በአረብኛ «በሩ ተዘጋ» ብዬ ጻፍኩ። አረቦች እንዲህ ያለውን ግስ «መጅሁል» ይሉታል፣ አድራጊው ያልታወቀ ማለት ነው። አድራጊው ሲሰወር ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ቃል ደግሞ «ናኢቡል ፋዒል» ይሉታል... የአድራጊው ምክትል።

ጎኔ ያለው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

ከድጃ እጇን አወጣች። «ኡስታዝ፣ ትምህርታችን ተዘጋ ሲባል ሰምተናል። እሱ ላይ አድራጊው ማነው?»

«መጅሁል ነው» አልኳት።

የበርበሬ ነጋዴው ሸምሱ ከኋላ ጣልቃ ገባ። «እሺ፣ ምክትሉስ?»

«ምክትሉማ አጠገቤ ተቀምጧል» ብዬ ካሜራውን አዞርኩት።

ቡታጅራ ያለው ክፍል በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ምክትላችን ክራባቱን ነካ ነካ አደረገና «ሰላም ናችሁ... እኔ እንኳ አልዘጋሁም። አቅጣጫው ከላይ ነው የመጣው» አለ።

«ከላይማ ያለው አላህ ነው» አለ ሸምሱ። «እሱ ደግሞ አረብኛ አይዘጋም።»

«አየህ?» አልኩት ምክትሉን። «ሃይማኖት ወደ ክፍሌ የገባው ዛሬ ነው፤ ያስገባኸውም አንተ ነህ።»

ከድጃ ግን ሳቋን አቁማ ወደ ካሜራው ተጠጋች። «ወንድሜ፣ እርስዎ ከሆኑ የዘጉት "እኔ ዘጋሁት" ይበሉኝ። ነገ የጅዳውን ጉዳይ እጀምራለሁ፣ አልቀየምዎትም። ልጄ ለምን ትሄጃለሽ ስትለኝ የማይታወቅ ሰው ዘጋብኝ ልበላት?»

ቡታጅራ ያሉት ሁሉ አፍጥጠው ያዩታል። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ አልተቋረጠም። ምክትላችን እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን አየ።

«ወላሂ፣ እኔ አይደለሁም» አለ።

እንዲያ ነው ያለው። ሃይማኖት ይሸታል ብሎ ሊዘጋን የመጣው ባለ ማተብ፣ ሲጨነቅ ያደገበት ሰፈር መሐላ አመለጠው። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ተነሥቶ ወጣ፤ በሩንም ክፍት ትቶት ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ኮርሱ እንዲቀጥል ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ተብሏል በቃ፣ ጋሼ» ብሎ ዘጋው።

ለከድጃ ደወልኩላት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ቀጥላም «ማነው ያስቀጠለው፣ ኡስታዝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«መጅሁል» አልኳት።

ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽም። ያልታወቀ ሰው የከፈተውን በር ሌላ ያልታወቀ ሰው እስኪዘጋው ድረስ... ንባቡን እናፋጥናለን።