ያልሞቀው ስላይድ

ደብረ ብርሃን ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ጌጡ ያስጨበጡኝ ማይክሮስኮፕ ሳይሆን የአልኮል ኩራዝ ነበር። ቅር አለኝ። ተምሬ የመጣሁት እሳት ልለኩስ ነው እንዴ ብዬ በልቤ አጉረመረምኩ።

«የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግድግዳው ስብ ነው» አሉኝ። «ማይኮሊክ አሲድ ይባላል። የምግብ ዘይት የስብ አሲድ አሥራ ስምንት ገደማ ካርቦን አለው፤ የዚህኛው ዘጠና ድረስ ይሄዳል። ድርቀት ያስችለዋል፣ ብዙ መድኃኒትም ያግድለታል። ለምርመራ የምንቀባው ቀይ ቀለም በብርድ አይገባውም። ስታሞቀው ስቡ ይላላና ይገባል። አንዴ ከገባ አሲድ ብታፈስበትም አይለቅም። ሌላው ሁሉ ሲለቅ እሱ ቀይ ሆኖ ይቀራል።»

«ምን ያህል ላሙቀው?»

«እንፋሎት እስኪያወጣ፤ እንዳይፈላ። ከዚያ አምስት ደቂቃ። መሀል ላይ ከቀዘቀዘብህ ደግመህ ታሞቃለህ። ብርዳችንን ታውቀዋለህ።»

ከዓመታት በኋላ አንኮበር አካባቢ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። የላብራቶሪው ባለሙያ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለአየር ሲባል መስኮት አይዘጋም፤ ጉሙ ጠረጴዛዬ ድረስ ይገባል።

ጋሽ ሰይድ ከአሊዩ አምባ የመጣ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ሳል ከያዘው ሰንብቷል። ያን ዕለት የአክታ ዕቃው ተደርድሯል፣ የኩራዙ አልኮል ደግሞ ሊያልቅ ነው። አክታ የተቀባባቸውን መስታወቶች፣ ስላይዶቹን፣ አንድ ጊዜ ለብ ለብ አደረግኳቸውና ተውኳቸው። ቀለሙ መግባቱን የሚያሳየውን፣ ባክቴሪያ እንዳለበት የታወቀውን ማመሳከሪያ ስላይድም አብሬ አላቀለምኩም። ዓይኔ የለመደ ነው ብዬ በራሴ ተማመንኩ። መዝገቡ ላይ «ነጌቲቭ» ብዬ ጻፍኩ።

«ነቀርሳ የለብህም፣ ጋሽ ሰይድ።»

«አልሐምዱሊላህ! ዶክተር፣ እኔስ የፈራሁት ለልጄ ለመሪየም ነበር። ከእናቷ ሞት ወዲህ አንድ ክፍል ነው የምናድረው።»

ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ለሱ ዶክተር ነው። ደስ ብሎት ሲወጣ እኔም ደስ አለኝ።

ከወራት በኋላ መሪየም ራሷ እያሳለች መጣች። አክታዋን እንደ ደንቡ አሙቄ አቅልሜ ሳየው በቀያይ ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎች የተሞላ ነበር።

«አባትሽስ?»

«አኼራ ሄደ። እርስዎ የለበትም ካሉን በኋላ አልራቅሁትም፣ እኔው ነኝ ያስታመምኩት። አላህ ይስጥልን፣ ያኔ አረጋግተውን ነበር።»

ስላይዶች ለድጋሚ ምርመራ በሣጥን ይቀመጣሉ። የጋሽ ሰይድን አወጣሁ። ለሌንሱ የተደረገበትን ዘይት ጠርጌ እንደ ደንቡ እያሞቅኩ እንደገና አቀለምኩት። ሌንሱ ሥር ሳደርገው ባክቴሪያው እዚያው ነበር፤ ብዙ፣ ቀይ። ወንበሬ ላይ እንደ ተቀመጥኩ ቀረሁ። ራሴን ተጸየፍኩ።

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገርኩት።

«አሁን ብትነግራት የሞተውን ታስነሣለህ? ተወው» አለኝ።

ተውኩት። መሪየም በሕክምናዋ ስድስት ወር ውስጥ ለክትትል በመጣች ቁጥር ቤተሰቤን ሳይቀር ጠይቃ፣ መርቃኝ ትሄዳለች። ምርቃቷን መስማት አቃተኝ። መድኃኒቷን የጨረሰች ዕለት ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት።

ሰምታኝ ስትጨርስ ጠየቀችኝ።

«መድኃኒቱ ያኔ እዚህ ነበር?»

«ነበር።»

ባክቴሪያው አቶ ጌጡ የነገሩኝን ያንን ስብ እንዳይሠራ የሚያግደው ክኒን ከላብራቶሪዬ በአንድ ግድግዳ በሚለየው ክፍል መደርደሪያ ላይ ነበር። ይህን ያህል ቅርብ እንደነበር ግን አልነገርኳትም። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ሰላምም አላለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ነቀርሳን የሚለይ ማሽን መጥቷል፣ ኩራዙም እየቀረ ነው ይሉኛል። እኔ ለናንተ ለወጣት የላብራቶሪ ባለሙያዎች የምለው ይህን ብቻ ነው፦ በደንቡ ያልሠራችሁትን ምርመራ «ነጌቲቭ» ብላችሁ አትጻፉ። «አልተመረመረም» ብላችሁ ጻፉ።